ዳገቱን እረስ ያልኩት እኔ ነኝ

ሐምሌ ነው። አገር ቤት ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ጅዳ ላይ ሙቀቱ ያነደኛል። ማንም ላይ አላሳብብም፤ ዳገቱን እረስ ያልኩት እኔው ጽጌሬዳ ነኝ።

ወሎ፣ ከእናቴ ቤት በላይ፣ ከአባቴ የወረስኩት ሣር የለበሰ ዳገት አለ። አባቴ ከብት ያሰማራበት ነበር እንጂ ማረሻ አስነክቶት አያውቅም ነበር። እዚህ ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር አርብ አርብ የምንገናኝ ሴቶች ግን ወሬ አመጡ፤ ዓረብ አገር የሄደ ሰው መሬት ካልታረሰ ጦሙን አድሯል ተብሎ ቀበሌ ይነጥቀዋል አሉ። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ስድስት ዓመት የሰው ሽንት ቤት የማጥበው የምመለስበት መሬት አለኝ ብዬ አይደል እንዴ! እውነት ነው ወይ ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ወንድሜ አድነው ጋ ደወልኩ።

«ነገውኑ ጠምደህ እረሰው፤ ገብስ ዝራበት።»

«እታለም፣ አፈሩን የያዘው እኮ ሣሩ ነው። ቢያንስ እርከን እስክንሠራለት ታገሺ።»

«አንተም ከነጣቂዎቹ ጋር ነህ?» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! ምስኪን፣ እንዳልኩት አረሰው።

አገር ቤት ዝናቡ ሳያባራ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው አሉ። ትናንት ስደውል የአድነው ስልክ አይሠራም። ዛሬ ደግሞ አሠሪዬ ማዳም ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው፤ ሥራው ኸላስ፣ አለቀ ሳይባል አታገኚውም አለች። ሩዙን ሁለቴ አሳረርኩ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጭቃው በእናቴ በር ሲገባ ይታየኛል። «ያላ፣ ቶሎ በይ!» ትላለች ማዳም፤ ሌላ ሩዝ ጣድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩን ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ አነሳው።

«እማዬስ?»

«ደኅና ናት። ማታውኑ ጎረቤት አስገባናት።»

ተመስገን ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «መሬቱስ?»

«አፈሩ ሙልጭ ብሎ ወረደ። ካንቺው መሬት አለቱ ብቻ ቀረ። ከሥሩ ያለውን የኔን ማሳም ድንጋይ ሸፈነው።»

የእሱን! ሦስት ልጆች የሚያሳድርበትን!

«አድነው፣ ስደበኝ እንጂ። ስደበኝ በሞቴ!»

«ምን ብዬ?» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ አደራሽን፣ ዘንድሮ እመጣለሁ ያልሽውን ተይው። እንግዲህ ከነልጆቼ የምናድረው አንቺ በምትልኪው ነው።»

እሺ አልኩት።