ለእሳት አደጋዎቹ የተተከለው ድንኳን

ከሸጎሌ በላይ፣ ከሰፈራችን ማዶ ያለው ባህር ዛፍ የተያያዘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጭሱን መጀመሪያ ያዩት ልብስ ሊያሰጡ የወጡት እትዬ አበራሽ ናቸው። «እሳት! እሳት!» ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ ግር ብሎ ወጣ። ጀሪካን ይዞ የሮጠም ነበር፤ ግን በእኛና በእሳቱ መሃል ገደል አለ። እሳት አደጋዎቹ በወዲያኛው መንገድ እስኪደርሱ ድረስ የእኛ ሥራ ማየት ብቻ ሆነ።

ማየቱን ግን በደንብ ሠራነው። በርጩማ ወጣ፣ ወንበር ወጣ፣ ከአንዱ ቤት ጭራሽ ሶፋ ወጣ። የሚኒባስ ሹፌሩ ለታ መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ ጀመር። «እሳቱ በግራ መስመር እየገባ ነው... ቦቴዋ ደረሰች... ረጨች... ኧረ ሳተች!»

ስድስት ሰዓት ላይ ንፋሱ ወደ እኛ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ፈራን። ሶፋው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስምንት እሳት አደጋዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው እሳቱን በአካፋና በእርጥብ ቅጠል ሲቀጠቅጡት ለታ እንኳ ማስተላለፉን ትቶ ከጣሪያው ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበልባሉ ጠፋ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

«እነዚህን ልጆች እንዲሁ አንሸኛቸውም» አሉ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ብርሃኔ። «ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ እህል ይቅመሱ።»

ያለን ጥላ አንድ ነው፤ የዕድሩ ድንኳን። እሱ ተተከለ። እትዬ አበራሽም ለነገ የዘፈዘፉት ስንዴና ሽምብራ ስለነበራቸው በዕድሩ ትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ቀቀሉ። ድንኳንና ንፍሮ አንድ ላይ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ያሰበ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ሙኒያ ናት፤ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከታክሲ ወርዳ ድንኳኑን ስታይ «ወይኔ! ወይኔ ሰፈሬ!» እያለች ገባች።

«ምን ሆንሽ?» አሏት እትዬ አበራሽ።

«ማን ነው?»

«ማን ነው ማለት?»

«የሞተው!»

«ማንም አልሞተም። ይልቅ ንፍሮ ብዪ።»

ሙኒያ ግን አንዴ ከጀመረች ቶሎ የምታቆም ሰው አይደለችም። አምና የሞቱትን አጎቷን እያነሳች ቀጠለች። አጎቷን የማያውቁ ሁለት ሴቶችም አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ።

እሳት አደጋዎቹ ዞረው የመጡት በዚህ መሃል ነው። ፊታቸው ጥላሸት፣ ጫማቸው አመድ ብቻ ነው። የቡድኑ መሪ ቶለሳ ድንኳኑን፣ ንፍሮውንና ለቅሶውን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። ሄልሜቱን አወለቀ። ሰባቱም አወለቁ። አንገታቸውን ደፍተው ገብተው ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ቶለሳ።

«አሜን፣ ክፉ አይንካችሁ» አሉ ጋሽ ብርሃኔ በልማድ።

«ስንት... ስንት ሰው ነው?»

ጋሽ ብርሃኔ ስለ ተጋባዡ የጠየቃቸው መስሏቸው «ኧረ ብዙ ነው! ሰባ ሰማንያ አያንስም!» አሉ በኩራት።

ቶለሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። «ደርሰን ነበር እኮ... ደርሰን ነበር...»

ነገሩ የገባቸው እትዬ አበራሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ሮጡ። «ኧረ የኔ ልጅ፣ ማንም አልሞተም! ድንኳኑ የእናንተ ነው!»

«የእኛ?» አለ ቶለሳ ይብሱን ደንግጦ።

«ልናመሰግናችሁ ነው!»

ቶለሳ ቀና አለ። እንባው ጥላሸቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አስምሯል። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ።

ጋሽ ብርሃኔ ያኔ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ሰፈሩ ከተመሠረተበት ጊዜ ተነስቶ ገና መብራት የገባበት ዓመት ላይ ሲደርስ፣ ጃለታ የሚባለው እሳት አደጋ አግዳሚው ላይ ተዘርሮ እንቅልፍ ወሰደው። እትዬ አበራሽ አሳዝኗቸው፣ ዝንብ እንዳያስቸግረው ጋቢ እስከ አናቱ አለበሱት።

የታችኛው ሰፈር ዕድር ሰዎች ድንኳን ተተክሏል ሲባል ሰምተው ለለቅሶ የገቡት ልክ ያን ጊዜ ነው። ጋቢ የተሸፈነውን ሰው ሲያዩ አንድ አዛውንት «ወንድሜን!» ብለው ላዩ ላይ ወደቁበት።

ጃለታ ብድግ አለ። «የት ነው የተቃጠለው?»

ግማሹ ሰው በበሩ፣ ግማሹ በሸራው ሥር ወጣ። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ተደረመሰ። አዛውንቱ ከአንድ ጀሪካን ጀርባ ሆነው ያማትባሉ፤ ጃለታ ጋቢውን እንደተከናነበ በየተራ ይቅርታ ይጠይቃል።

የመሸኛው ሰዓት ሲደርስ የእሳት አደጋ መኪናው አልነሳ አለ። ለታ «ግፉ!» አለና ሙኒያም፣ አዛውንቱም፣ ጋሽ ብርሃኔም ከነከዘራቸው ገፉ። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ ያለው ቧንቧ አብሮ ተከፈተና የተረፈው ውሃ በሙሉ እኛ ላይ ወረደ። ቶለሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ!» ብሎ ጮኸ። እኛ እስከ ካልሲያችን በስብሰን፣ መኪናው መታጠፊያውን እስኪያልፍ ድረስ አጨበጨብንላቸው።