የአፀደና የሽፈራው ሼቬል

አፀደ ከመኪናው አልወርድም ያለችው ገዢው ትሬለሩን ጋራዣቸው በር ላይ ካቆመ በኋላ ነው። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በሩን ቆልፋ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። መኪናው ግን ሞተር እንኳ አልነበረውም።

ሼቬል የተባለው አሮጌ መኪና የባሏ የሽፈራው ነው። የሰባ አንድ ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር፣ ኮፈኑ እንደ ጠረጴዛ የተንጣለለ። ሽፈራው ዋይንላንድ ፓርክ ከሚባል ሰፈር፣ ካንድ ጡረተኛ ጓሮ፣ ጎማው አፈር ውስጥ ሰምጦ አግኝቶ ነው የገዛው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ፣ በኋላም በስደት ካርቱም መካኒክ ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባ ወዲህ ግን የሠራው ትራክ መንዳት ብቻ ነው። ሞተሩን አውርዶ፣ በትኖ፣ ብሎኩን፣ የሞተሩን ዋና አካል፣ አስሞርዶ፣ የቀረውን አጥቦ መደርደሪያ ላይ እንደደረደረ ስትሮክ መታው። አንደበቱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን እንደሞተ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን ረግጦት አያውቅም። በመጨረሻም ለአፀደ ሳይነግራት ግርማቸውን ገዢ ፈልግልኝ አለው። ግርማቸው ሞርስ ሮድ ላይ ጎማ ቤት ያለው፣ እንደ ታናሽ ወንድም የሚያዩት ሰው ነው።

«እትዬ አፀደ፣ ሰውየው እኮ ከዴይተን ከተማ ድረስ ነድቶ ነው የመጣው» አላት ግርማቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«በሰላም ይመለስ።»

«ሽጥልኝ ያለኝ ራሱ ጋሼ ሽፈራው ነው።»

«እሱ መጥቶ ይንገረኛ።»

ሽፈራው ከዘራውን ተመርኩዞ እያዘገመ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ውረጂ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«አልወርድም።»

«ታዲያ በምን ልገጥመው ነው? በዚህ?» ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ለቀቀው። እጁ ጭኑን መትቶ ተንጠለጠለ።

«በእኔ እጅ።»

«አንቺ በዕድሜሽ አንድ ቦልት ፈትተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ገዢው በአማርኛ የሚባባሉትን ባይሰማም የሴትየዋን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው። ትሬለሩን ባዶውን ይዞ ሄደ። ሽፈራውም አኩርፎ ሰነበተ። እሷ ግን አላባበለችውም።

አፀደ የምትሠራው ፖላሪስ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከሥራ ኦፍ በሆነች ቁጥር ጋራዥ መግባት ጀመረች። መጀመሪያ የያዘችው የምታውቀውን ነው። የወንበሮቹን የተቀዳደደ ልባስ በጥንቃቄ ተረተረችና በእሱ ልክ አዲሱን ቆርጣ በስፌት ማሽኗ ሰፋችው። የበሮቹን ኒኬል ዝገቱ እስኪለቅ ፈተገች። ያ ሲያልቅ ወደ ሞተሩ ዞረች። አንድ ፒስተን አንሥታ የብሎኩ ቀዳዳ ውስጥ ልትከተው ሞከረች። አልገባም ሲላት መዶሻ አነሣች።

ድምፁ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ።

«በመዶሻ ነው እንዴ የምትወቅጪው?» ሽፈራው ከዘራውን እንኳ ረስቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ታዲያ በምን ይመታል?»

«አይመታም! ተይው፣ አትንኪው።» ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አውቃ ይሁን ሳታውቅ ያንን መዶሻ ያነሣችው፣ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።

እሱ በአፉ፣ እሷ በእጇ ሥራው ተጀመረ። መግባባቱ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን «ፋሻውን አቀብዪኝ» አላት። ቤት ሮጣ ገብታ የቁስል ማሰሪያ ፋሻ ይዛ መጣች።

«የቱ ጋ ነው የተቆረጥከው?»

ሽፈራው አያት፣ አያትና ሳቁ አመለጠው። በጋራዥ ቋንቋ ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከቡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

በጋው ሲያልፍ ሞተሩ ተገጥሞ ቦታው ገባ። አፀደ ቁልፉን አዞረች። አጓራ፤ ጋራዡ ተንቀጠቀጠ። ሽፈራው ግን ዓይኑን የዘይቱን ግፊት ከሚያሳየው ቀስት ላይ አልነቀለም። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«አጥፊው» አለ። አጠፋችው።

ሞተሩን መልሰው አወረዱት። የዘይት ቋቱን ስትከፍት፣ ዘይት የሚስበው ቱቦ አፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ አገኘች። አቧራ እንዳይገባ ብላ ወትፋ የረሳችው፣ ከአሮጌ አንሶላ የቀደደችው ጨርቅ ነው። ያለ ዘይት የዞረው ብረት ተፋፍቋል። የክረምትና የበጋ ልፋት ከንቱ ቀረ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ግርማቸው ለሰውየው ይደውልለት፤ ይውሰደው።»

«ማን ነው የሚወስደው?» አለ ሽፈራው። «ይሄን ሙያ እስክለምድ ስንት ሞተር እንዳበላሸሁ ቢነግሩሽ ኖሮ አታገቢኝም ነበር። እጅ ባይኖረኝ ዓይን አለኝ፤ ጨርቁን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተነሺ። ከታች ያለውን ቦልት ፍቺ።»

ተነሣች።

በሳምንቱ ግርማቸው ብቅ ሲል ሞተሩ እንደገና ተበትኖ አገኘው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አሁንም ይፈልገዋል።»

«ሌላ ይፈልግ በለው» አለ ሽፈራው ቀና ሳይል። «አንተ ይልቅ ና፣ ይሄን ጫፍ ያዝላት።»

ግርማቸው ጃኬቱን አውልቆ ያዘ።

ሞተሩ ሁለተኛ ሲነሣ ቀስቱ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ረጋ። ሽፈራው ከሞተሩ ጎን ቆሞ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ዞሮ ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ።

ገና ቀለም አልተቀባም ነበር፤ አንዱ በር ግራጫ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው። አፀደ እንዲያ እንዳለ ወደ ሞርስ ሮድ አወጣችው። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ በቀኛቸው ያሉ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ጀመር። ሽፈራው በስትሮኩ አፉ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወዲህ ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ የመስኮቱን እጀታ ያዘና እያጠማዘዘ መስታወቱን እስከ ታች አወረደው።

«የማን ሥራ ነው?» አለ አንደኛው ልጅ በእንግሊዝኛ።

«የእኛ» አለ ሽፈራው። ቃሉ ትንሽ ተጎተተ፤ ግን ልጁ ሰምቶታል። «እሷና እኔ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«ርገጪው» አላት።

አፀደ ረገጠችው፤ ወደ ቤት የሚያስገባውንም መታጠፊያ አልፋው ሄደች።