ቅርንጫፉ ሲመታ

ካምፓን ማንጎ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቀይ ጉንዳኖች ተሰልፈው መንገድ ይለቁለታል ይባል ነበር። ወሬውን ያስነሣው ራሱ ነው፤ ሲደጋግመው ግን መንደሩም አመነ። ከሜኮንግ ወንዝ ወዲህ እሱን ያህል የጉንዳን እንቁላል ያወረደ ሰው አልተፈጠረም። ቅርጫት ያሰረበት የቀርከሃ ዘንግ ደመና ይወጋል፤ ከአንድ ጎጆ የሚያወርደው እንቁላል ሠርግ ይደግሳል። ዝሆን የሚያስለቅሰው ንክሻ እሱን ቢበዛ ያስነጥሰዋል። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ጉንዳን ጨፍልቆ ክንዱን ይቀባል። ጉንዳን የሚሸተውን ጉንዳን አይነካውም። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በዚያ በጋ ሰው ጉንዳኑን ረስቶት ነበር። በሬ የሚያካክሉ ሁለት ጎረምሶች ማታ ሲሳሳቁ አምሽተው ተኙ፣ ጠዋት በድን ሆነው ተገኙ። "ፖፕ በላቸው" ተባለ። ፖፕ ሰው መስሎ ከሰው ጋር እየኖረ የጎረቤቱን አንጀት ውስጥ ለውስጥ የሚጨርስ መንፈስ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅም ይወርዳል። የተገኘበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ ከቀናው ነፍሱን ይዞ ይሰደዳል። ብዙውን ጊዜ አይቀናውም።

ወንዶቹ በመቅደሱ ዳስ ጥላ ሥር ተኮልኩለው እርስ በርስ በጎሪጥ ሲተያዩ፣ ካምፓን ከነቅጠሉ የተቆረጠ የጉንዳን ጎጆ በቅርንጫፍ አንጠልጥሎ መጣ።

"አባባ ቡንሎም፣ እስቲ ከነዚህ መሐል ጉንዳን ያልሆነውን ያሳዩኝ።"

የመንደሩ ሹም ዓይናቸውን አጠበቡ። "ሁሉም ጉንዳን ነው። ልታስነክሰኝ ነው የመጣኸው?"

"ይቺን አዩዋት? ሸረሪት ናት። ሁለት የፊት እግሮቿን አንሥታ የጉንዳን ቀንድ አስመስላቸዋለች። ያኛው ወንዱ ነው። መንጋጋው ከመርዘሙ የተነሣ የቆሰለ ወንድሙን በአፉ የተሸከመ ጉንዳን ይመስላል። መሐላቸው ይኖራል፣ ማንም ማነህ አይለውም።"

"አንተ አዞ በጥፊ መታሁ ያልከው ሰውዬ አይደለህም?" አለ አንዱ።

"ግልገል ነበር" አለ ካምፓን።

ሳቁ። ሹሙ አልሳቁም። "ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ቅርንጫፉን በዱላ ጧ አደረገው። ጉንዳኖቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዱላው ተመሙ። ሸረሪቷ ድሯን ለቃ ቁልቁል ተንጠለጠለች፣ ሣሩ ውስጥም ገብታ ጠፋች።

"ቤቱን ሲመቱበት የቤቱ ልጅ ወደ መቺው ይመጣል" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ባዳ ግን ይሸሻል። ጉንዳንም ይሁን ሰው፣ ያው ነው።"

ሹሙ ተነሡ።

የሩዝ ዘነዘና ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ቤቶቹ ሁሉ በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ምሰሶው ሲደበደብ ወለሉ እንደ ከበሮ ያጓራል። ፊት ፊት የሚሄደው፣ አጥብቆም የሚመታው ካምፓን ነበር። አንዷ አሮጊት ወንፊት ይዛ ወረደች።

"ሂድና የእናትህን ቤት ደብድብ፣ አንተ ቀባጣሪ።"

"እናቴ ወባ ገደላት፣ እማማ። ቤትም የላትም" አላት እየሳቀ፤ እሷም ነጻ ወጣች። ሌላው ገጀራ ይዞ ወረደ፣ ሌላዋ የፈላ ውሃ ደፋችባቸው። ሁሉም የቤት ልጆች ነበሩ።

የታላቅ እኅቱ የላምዱዋን ቤት ደረሱ። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሲሳሳት ዛሬም ጆሮውን ትጎትታለች። ወርዳ በሰው ፊት ስትቆጣው ታየውና ምሰሶውን ከሁሉም አብልጦ መታው። የሽመናዋ ድምፅ ተቋረጠ። ደረጃው ላይ ማንም ብቅ አላለም።

"ከኋላ" አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

ከኋላ መስኮት ገና ከመሸመኛው የወረደ ሐር ተንጠልጥሏል። ላምዱዋን እሱን ይዛ ወርዳ በደረቀው የሩዝ ማሳ እየሮጠች ነበር።

ካምፓን ቀድሞ ደረሰባት። እግሯ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ወድቃለች።

"ምነው እታለም? ወርደሽ ብትሰድቢኝ ኖሮ አልቆ ነበር እኮ።"

ከኋላው የሚመጡትን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናታችንን ወባ አልገደላትም። ድሮ በኖርንበት አገር እንደዚሁ ምሰሶ ደበደቡ። እሷ ወደ እነሱ ነው የወረደችው፣ ልትሰድባቸው። አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። እንዳታለቅስ አፍህን በመዳፌ ይዤ ሮጥኩ።"

እግሮች ቀረቡ።

"አሁን አፍህን ራስህ ያዘው" አለችው።

ሰዎቹ ከበቧቸው። ሹም ቡንሎም ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ "ምን አለችህ?" አሉት።

ለዛፍ፣ ለአዞ፣ ለዝሆን ቃል አጥቶ የማያውቀው ካምፓን አፉን ከፈተ። ፖፕ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ክበቡ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ከእኅቱ ተነሥቶ ወደ እሱ ሲዞር አየ።

"ምንም" አለ። "ምንም አላለችም።"

ላምዱዋን ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷ እፎይ ያለ ሰው ፊት ነበር።

ዘነዘናዎቹ ወደ ላይ ተነሡ። ካምፓን ግራና ቀኙን አየ፣ እሱም ዘነዘናውን በሁለት ክንዱ እንደ ሌሎቹ አነሣ። የጨፈለቀው ጉንዳን ሽታ ገና ከክንዱ አልለቀቀም ነበር።