ጥጉ የተቆረጠ ካርድ

አለቃችን ከረባቱን ከአንገቱ ቢያወልቁበት ምን እንደሚተርፈው እኔ እንጃ። ስም አለው፣ ዲግሪውም በጥቁር ክፈፍ ገብቶ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ እኛ ግን እሱ በሌለበት የምንጠራው «ከረባት» ብለን ነው። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። በስምንት ወር ውስጥ አንዲት ካርድ በእጁ አልጻፈም። የመዝገበ ቃላት ክፍል ኃላፊ ግን እሱ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ፤ እሱ ሲሾም የተለቀለቅነው እኛ ነን።

እኔ ካርድ ጸሐፊ ነኝ። እንግሊዝኛን ወደ ቋንቋችን የሚፈታ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጋሼ ጎን ተቀምጬ ጽፌያለሁ። ሥራውን የጀመሩት ጋሼ ናቸው፣ ያውም እኔ ሳልወለድ። ክፍላችን ሁለት መስኮትና አራት ጠረጴዛ አላት፤ የቀረው ግድግዳ እስከ ጣሪያ ድረስ መሳቢያ ነው። በመሳቢያው ውስጥ የካርድ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ትርጉም አንድ ካርድ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው በጋሼ እጅ የተጻፈ ነው።

ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ስህተት አይጣልም። አንድ ትርጉም የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም የአንድ ቃል ምንጭ ተብሎ የተጻፈው ማስረጃ ሲያጣ፣ የካርዱን የላይኛውን ቀኝ ጥግ በመቀስ ይቆርጡታል። ከጀርባው ለምን እንደወደቀ ይጽፉና ከሳጥኑ መጨረሻ ይከቱታል። የጣልነው ስህተት ዞሮ ይመጣል፣ ያስቀመጥነው ግን የትም አይሄድም ይሉ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ከማወቁ በፊት ይህን ይማራል። ከረባት ግን አልጠየቀም። አለቃ ይጠይቃል እንዴ?

ጋሼ ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። ቤታቸው ተቀምጠው እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ አነብላቸው ነበር። በዚህ መሃል መጽሐፉ አለቀ። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር፤ «አዘጋጅ» ከሚለው ቃል በታች የሚገባውን አንድ ስም። አንድ ስም ብቻ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። እኔ የሚያጠያይቅ ነገር አለው ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሃምሳ ዓመት ሥራ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ለካ ከረባት ለቦርዱ ደብዳቤ ጽፏል፤ ሥራው ሳይንሳዊ መልክ የያዘው እሱ ከመጣ ወዲህ እንደሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ማንም አልነገረውም መሰለኝ። ቦርዱም አንድ ቃል መርጦ ሐሙስ ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚወስን መለሰለት።

ከረባት የመረጠው «ባር» የምትለዋን ነው። አጭር ስለሆነች ቀላል መስላው ነው። ሰነፍ ቃልን የሚለካው በፊደል ብዛት ነው።

ሰው ባር ሲባል መጠጥ ቤት ብቻ ይመስለዋል። የባር ሳጥን ግን አርባ አንድ ካርድ አለበት። መጀመሪያ ዘንግ ነው፤ የብረትም የእንጨትም። በርን ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያም ነው። ከዚያ መከልከል ሆነ። ችሎት ውስጥ ዳኛውን ከሕዝቡ የሚለየው አጥር ሆነ፤ ከአጥሩ አጠገብ ቆመው የሚከራከሩት ጠበቆች ደግሞ በአጥሩ ስም ተጠሩ። ሻጭን ከጠጪ የሚለየው ባንኮኒም ያው ዘንግ ነው፣ ቤቱም ስሙን ከባንኮኒው ወሰደ። የሳሙና ቁራጭ አለ፣ ወንዝ አፍ ላይ የሚከመር አሸዋ አለ፣ የሙዚቃ መስመር አለ። ግፊት የሚለካበት ባር ግን የነዚህ ዘመድ አይደለም፤ እሱ ክብደት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ እንግዳ ነው፣ መልኩ ብቻ ገጠመ። የዘንጉ ባር ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምንጩን ጋሼ አሥራ አንድ ዓመት ፈልገው፣ በመጨረሻ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ጻፉ፦ «ምንጩ አይታወቅም»። በሕይወቴ ካየኋቸው ካርዶች ሁሉ የማከብረው እሱን ነው።

ከረባት ሰኞ ሳጥኑን ወሰደ። ማክሰኞ ጠዋት ጠርቶኝ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ሥራችን መጥፎ እንዳልሆነ ነገረኝ። ቀዩን ካርድ ግን አልወደደውም፤ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አላውቅም ብሎ ይጽፋል ወይ፣ ያሳፍራል አለ። ቀጠለና ከሳጥኑ መጨረሻ አምስት ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አምስቱም ጥጋቸው የተቆረጠ ነው።

«እነዚህ ምልክት ያላቸው የተመረጡት ናቸው፣ አይደል?» አለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አይደሉም ማለት አንድ ቃል ነው። አንደበቴም አልተያዘም ነበር። ግን ያን ከረባት፣ ያን የተወለወለ ጫማ፣ ያን በጋሼ ካርድ ላይ የተቀመጠ የሻይ ስኒ አየሁና አንጀቴ አረረ።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኩት።

ደስ አለው። ከአምስቱ አንዱን አንስቶ በደረት ኪሱ ከተተ። ጀርባውን እንኳ አላገላበጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ረቡዕ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሐሙስ ቦርዱ ስለ መጽሐፉ ይሰበሰባል፣ እርስዎም ቢገኙ ጥሩ ነው አልኳቸው። የቀረውን አልነገርኳቸውም። ባለቤታቸው ደስ ብሏቸው የሠርጋቸውን ዕድሜ የምታህለውን ጥቁር ኮት ከቁም ሳጥን አወጡ፣ ተኮሱ፣ አንገቷ ላይ የሳሳችበትን ቦታ በጥቁር ክር ሰፉ። ጋሼ ጢማቸውን እንድቆርጥላቸው ጠየቁኝ። ስማቸው ሲጠራ ሊሰሙ የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበረም።

የቦርዱ አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛና ዘጠኝ ሰው ነው። ከዘጠኙ አንዱም በእድሜው መዝገበ ቃላት ገልጦ አያውቅም ብዬ ብምል አልኮነንም። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ የውሃ ጠርሙሱን ክዳን ይፈታል፣ ይዘጋል። ሰብሳቢዋ ብቻ መነጽሯን አድርጋ ታዳምጥ ነበር። እኔና ጋሼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥን።

ከረባት ቆመ። ስለ ባር ትርጉሞች ሩብ ሰዓት ያህል አወራ፤ ሁሉንም ከካርዶቻችን የወሰደው ነው፣ «ጥናቴ እንደሚያሳየው» እያለ። ከዚያ ያቺን ካርድ ከኪሱ መዘዘ። የዓለም ሊቃውንት የዚህን ቃል ምንጭ አናውቅም ብለው እንደተዉት፣ እሱ ግን እንዳገኘው ተናገረ። ባር የእኛው «በር» ነው አለ። በድሮ ዘመን ነጋዴዎቻችን ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርዱ «በር! በር!» እያሉ ሲጣሩ የውጭ መርከበኞች ሰምተው ወሰዱት፤ መቀርቀሪያውም፣ መከልከሉም፣ መጠጥ ቤቱም ከዚያ ነው አለ።

አጨበጨቡ። ስልኩን የሚነካካው ሰውዬ ስልኩን አስቀምጦ አጨበጨበ። ማስረጃው የታለ ያለ አንድ ሰው የለም። ደስ የሚል ውሸት ከነገሯቸው ዘጠኝ የተማረ ሰው እንደ አንድ ሕፃን ያጨበጭባል። ናቅኳቸው። ወደ ጋሼ ስዞር ግን ፊታቸው አመድ መስሏል።

ተነሣሁ። የካርዱን ጀርባ እንዲያነብልን ጠየቅሁት።

ከረባት አገላበጠ። አየ። ወደ ኪሱ ሊመልሰው እጁን አነሣ። ሰብሳቢዋ እጇን ዘረጋችና ተቀበለችው፣ ጮክ ብላም አነበበችው።

«ይህን የፈጠርኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ። ማስረጃ የለውም። ደስ ስላለኝ ብቻ ሦስት ዓመት አመንኩበት፣ ሁለት ጊዜም በአደባባይ ተናገርኩት። ማንም እንዳይደግመው።» ከሥሩ የጋሼ ፊርማ ነበር።

ይኸው አለቀ፣ ጉዱ ፈላ አልኩ በልቤ። ከረባት በቁሙ ሲሟሟ ለማየት ተዘጋጀሁ። ማን ይሟሟልሃል! ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው መሆኑን ረስቼ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኔም ለማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነው አለ። ሳጥኖቹ በሽማግሌው ልብ ወለድ የተሞሉ ናቸው፣ እኔን የመሰለ ባለሙያ ብደናገር ሌላው ምን ይሆናል፣ ስለዚህ ነው መጽሐፉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያስፈልገዋል የምለው አለ። አንዱ የቦርድ አባል ሳቀ። «በር! በር!» አለ ለጎረቤቱ፣ በአገጩ ወደ ጋሼ እያመለከተ። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር አሁን ያንን ነው፤ ጋሼ የሚባሉ ሽማግሌ ወጣት ሳሉ ሞኝ ነበሩ።

ሰብሳቢዋ ነገሩ አሳሰባት። እንዲህ ያለ ነገር ካለበት ካርዱ ሁሉ በሌሎች ባለሙያዎች ይመርመር፣ እስከዚያ ሕትመቱ ይቁም አለች። ስንት ጊዜ ይወስዳል ብላ ጠየቀች። ሦስት ዓመት ያህል አላት ከረባት፣ ቶሎ ብሎ።

ጋሼ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። የተቆረጠ ጥግ ምን ማለት እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ማንም በቅጡ አልሰማቸውም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ሦስት ዓመት የለኝም። የፈለገው ሰው ስሙን ይጻፍበት። መጽሐፉ ብቻ ይውጣ።»

ከረባት ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚወስድ፣ ከዛሬ ጀምሮም ምንም ምርመራ እንደማያስፈልግ ያኔውኑ አረጋገጠ። ዘጠኝ እጅ ተነሣ። የተተኮሰችው ኮት ያን ሁሉ ሰምታ ወጣች።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ።

«ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሲወስደው?»

«አዎ።»

ጥጉን የምንቆርጠው ተከታዩ ሰው እንዳይወድቅ ነው፣ አንቺ ጉድጓድ አደረግሽው፤ እሱን የሚያህል ባዶ ጣሳ ለማስጮህ ብለሽ አሉኝ። በቁጣ አይደለም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚሉት ለካ ለቆፋሪው ብቻ አይደለም፤ እኔ ቆፍሬ የገቡበት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ከረባትን ናቅሁት፣ ዘጠኙን ናቅኳቸው፣ ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ግን የቀረውን ንቀት ማን ላይ እንደማራግፈው አወቅሁ።

መጽሐፉ ከአራት ወር በኋላ ታተመ። ሽፋኑ ላይ የከረባት ስም በወርቅማ ፊደል ተጽፏል፤ ዶክተር የምትለዋ ከፊት አለች፣ ከማን እንዳገኛት እኔ እንጃ። ገጽ ሰባ ሦስት ላይ ግን ባር አለች፣ ከመጨረሻዋም «ምንጩ አይታወቅም»። እሷን እንዳይነካት ማተሚያ ቤት ድረስ ሄጄ ጠብቄያታለሁ። እሱ እስካሁን ያንን ገጽ አልገለጠውም።

አንድ መጽሐፍ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ባለቤታቸው ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝና ወጡ። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ክብደቱን መዘኑ፣ ጀርባውን ዳበሱ፣ ወረቀቱን አሸተቱ። ሽፋኑን ከፍተው ስሙ ያለበትን የመጀመሪያ ገጽ በጣታቸው ከታች ወደ ላይ መረመሩ። የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

በመቀስ ቆርጬው ነበር።

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ገጹን ገልብጠው የተቆረጠውን ቦታ ከወዲያም ዳሰሱት፤ ደግሞም በመዳፋቸው ባዶውን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ጠረጉ፤ የብዕር ጭረት ይፈልጉ ነበር።

«ምክንያቱን አልጻፍሽም» አሉኝ።

አልጻፍኩም ነበር። የእሱ ብቻ ቢሆን አንድ መስመር ይበቃ ነበር። የእኔም ሲጨመርበት የገጹ ጀርባ አልበቃ ስላለኝ ነው እዚህ የጻፍኩት።