የልጄ ነው፣ አይሸጥም

የመኮንንነት ስልጠናውን በአስራ አንደኛው ሳምንት በገዛ ፈቃዴ ትቼ የመጣሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ማንም አላባረረኝም። አልታመምኩም፣ እግሬም አልተሰበረም። እግሬ ቢሰበር ኖሮማ ነገሩ ሁሉ እንዴት በቀለለ! "ምን ሆነህ መጣህ?" ሲሉኝ ጀሶውን አሳያለሁ፣ ይታዘንልኛል፣ አለቀ። እኔ ግን ሁለት ጤነኛ እግር፣ አንድ ሻንጣና አንድ ቅጽ ይዤ ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት።

ቅጹ "ስልጠናውን በፈቃዱ ያቋረጠ እጩ መኮንን መሸኛ" ይላል። ከታች ዋሴ የሚፈርምበት ባዶ መስመር አለ። ስገባ ዋስ የሆነኝ አባቴ ነው፤ ስወጣም መፈረም ያለበት እሱ ነው። በአስር ቀን ውስጥ ተፈርሞ ካልተመለሰ እንደ ኮበለልኩ ይቆጠራል፤ ፈልገው ይወስዱኛል፣ ሀ ብዬም እጀምራለሁ። እንግዲህ ከእኔ የሚጠበቀው አባቴ ፊት ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነው።

ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። ሰው ላይ መጮህ አልችልም። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፤ ሩጫውን፣ ጭቃውን፣ ምስሩን። ተራዬ ደርሶ ሠላሳ ሰው አሰልፌ ስመራ ግን አፌ ላይ የሚመጣው "እባካችሁ" ነው። "እባካችሁ፣ ወደ ቀኝ ዙሩ።" ግማሹ ይዞራል፣ ግማሹ ይስቃል። አንድ ቀን ሰልፉን እየመራሁ ወጥ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ "ቁም!" ማለት ነበረብኝ። ልክ አፌን ስከፍት ወጥ ሠሪው ድስት ተሸክሞ ፊቴ ድቅን አለ። "ይቅርታ፣ እለፍ" አልኩት። እሱ አለፈ፤ ሠላሳዎቹም አለፉ። በአንዱ በር ገብተው ምድጃውን ዞረው በሌላው በር ወጡ፣ እርምጃቸው ሳይዛነፍ። አሰልጣኛችን በድምፁ ምክንያት ነጎድጓድ የምንለው ሻምበል ነው። ጠርቶ "አንተ ሰው ታዛለህ ወይስ ታስፈቅዳለህ?" አለኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጠዋት ቅጹን ጠየቅኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ከሱቁ በላይ ስለሆነ ሱቁን ሳያልፉ ወደ ቤት መውጣት የለም። መንገዱን ሙሉ "አባባ፣ ትቼዋለሁ" እያልኩ ተለማመድኩ። ሱቁ ጋ ስደርስ መስኮቱን አየሁ፤ ልምምዱ ሁሉ ውሃ በላው።

መስኮቱ ውስጥ ራስ የሌለው አሻንጉሊት አለ። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲያስተዋውቅ የኖረ ምስኪን ነው። ያን ቀን የመኮንን የክብር ኮት ለብሶ ቆሟል። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ስምንት ወርቅማ ቁልፍ፣ ትከሻው ላይ የምክትል መቶ አለቃ ምልክት። ደረቱ ላይ በእስፒል የተያዘች ወረቀት በአባቴ የእጅ ጽሑፍ "የልጄ ነው፣ አይሸጥም" ትላለች። እኔ ሳልመረቅ አሻንጉሊቱ ተመርቋል።

"ምነው፣ በደህና?" አለ አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

"ፈቃድ ነው አባባ። አስር ቀን" አልኩ። እኔ አይደለሁም፣ ምላሴ ነው ያለው።

ይህን የመሰለ ፈሪ ከየት ተገኘ እንዳትሉኝ፣ አባቴን አታውቁትም። አባቴ አይቆጣም። ቢቆጣማ ግልግል ነበር፤ አባቴ ያኮርፋል። ጎረቤታችን ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ሰፈሩ ጋሼ ፖስታ የሚለው፣ የልብ ወዳጁ ነው። አንድ ጊዜ ዳማ ሲጫወቱ ጠጠር ሰረቀብኝ ብሎ ሰባት ወር አኮረፈው። ሰባቱንም ወር ግን በየቀኑ ተቀምጠው ዳማ ይጫወቱ ነበር፣ ትንፍሽ ሳይሉ። ለአንድ ጠጠር ሰባት ወር ከሆነ፣ ለአንድ መኮንን ስንት እንደሚሆን አስሉት።

አባቴ ሻንጣዬን ተቀበለኝና የስልጠና ልብሴን አውጥቶ "ጉልበቱ ተቀዷል፣ ልጣፍልህ" አለ። ጫማውን፣ ቀበቶውንና ቆቡን ግምጃ ቤት ተረክቦኛል፤ ያረጀ ልብስ ግን መልሶ የሚለብሰው ስለሌለ ለባለቤቱ ይተዋል። አባቴ ልብሱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየው፣ አገላበጠው፣ አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖረው። "ፈቃድ ነው አልክ?" አለ። አዎ አልኩ። "ጥሩ" አለ።

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጆሮዬ ሥር ፊሽካ ተነፋ። ከአልጋዬ የወጣሁት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም። አባቴ በፒጃማ፣ አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ፣ ፊሽካውን ይዞ ቆሟል። ከኋላው ጋሼ ፖስታ የእጅ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።

"ወታደር በፈቃድ ላይ ከሰነፈ ዝገት ይበላዋል" አለ አባቴ። "ሰፈሩን አምስት ዙር!"

"አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደረስኩበት መንገድ ነው፣ አቋራጩን ሁሉ አውቃለሁ" አለ ጋሼ ፖስታ። "እንዳታጭበረብረኝ፤ እኔም አብሬህ ነኝ።"

እውነትም አብሮኝ ሮጠ። መሮጥ ካልነው። እኔ አምስት ዙር ስጨርስ እሱ በግማሽ ዙር የመብራት እንጨት አቅፎ ይጠብቀኛል፣ "ለሀገር ነው፣ ለሀገር ነው" እያለ።

በአራተኛው ቀን አባቴ ደንበኞቹን አሰልፍልኝ አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ቀሚስ ልታስቀመቅም የመጣች ወይዘሮ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መምህርና አንድ ዝም ብሎ ሊያወራ የገባ ሰው ናቸው። "በቁመት አሰልፋቸው። ድምፅህን እንስማው" አለኝ። ደንበኞቹም ደስ ብሏቸው ቆሙ።

"እባካችሁ፣ ካላስቸገርኳችሁ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ጮክ በል እንጂ የኔ ልጅ፣ አይዞህ" አለችኝ ወይዘሮዋ።

"ወደ ቀኝ... ብትዞሩ?"

መምህሩ ወደ ግራ ዞረ። ወሬኛው ሰውዬ "ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ?" አለ። አባቴ እስፒሎቹን አፉ ውስጥ ደርድሮ የወይዘሮዋን ቀሚስ ጫፍ እየያዘ ምንም አላለም። ስፌት ሊያስተምረኝ ሲሞክር የነገረኝ የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው፤ እስፒል በአፍ ይዞ አይወራም፣ አይሳቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ነጎደ። ጠዋት ፊሽካ፣ ቀን ሰልፍ፣ ማታ ጋሼ ፖስታ ለጎረቤት ሁሉ "የወደፊቱ ጄኔራል" እያለ ያስተዋውቀኛል። ትቼው ከመጣሁት ስልጠና ይልቅ ፈቃዱ ከበደኝ። እዚያ ቢያንስ እሁድ ይታረፋል።

ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ስምንተኛው ቀን ላይ ኪሴን ስትፈትሽ ቅጹን አገኘችው። ለምን እንደምትፈትሽ አትጠይቁኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራዋ ነው።

"አንተ ጉደኛ! ነገ ወዲያ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"አባባ ሰው አይበላም። ንገረው።"

"ሰው አይበላም፤ ያኮርፋል እንጂ።"

"እና ካልነገርከው ሊፈርም ነው?" አለች። ፊርማውን አስመስዬ ልፈርም አስቤ እንደነበር አልነገርኳትም። አንድ ወረቀት ላይ ሞክሬው ነበር፤ የተረገጠ ሸረሪት መሰለ።

በዘጠነኛው ቀን አባቴ ኮቱን ከአሻንጉሊቱ ላይ አወለቀና "ና ለካው፣ የመጨረሻ ልክ ልያዝ" አለኝ። ጋሼ ፖስታ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነበር። ደንበኛ ልክ ሲያዝለት የሚቆምበት ሳጥን ላይ ወጣሁ። ኮቱን ለበስኩት። ምን ዓይነት ኮት መሰላችሁ! ገበሩ ሐር ነው፣ ስፌቱ ከላይ አይታይም፣ አንገትጌው ሳይጫነኝ ቀጥ አደረገኝ። በመስታወት ራሴን ሳየው ለራሴ ሰላምታ ልሰጥ ምንም አልቀረኝ። ግን ይህን ሁሉ የሰፋው ለሌለ ሰው ነው።

አባቴ እስፒሎቹን አፉ ውስጥ ደርድሮ ተንበረከከና እጅጌውን መያዝ ጀመረ። ያኔ ነው የገባኝ። አፉ ሙሉ ነው። ምንም ቢሰማ መልስ መስጠት አይችልም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

"አባባ፣ ፈቃድ አይደለም" አልኩ በአንድ ትንፋሽ። "ትቼው ነው የመጣሁት። በገዛ ፈቃዴ። መጮህ አልችልም። ሠላሳ ሰው ወጥ ቤት አስገብቻለሁ። ነገ ካልፈረምክልኝ መልሰው ይወስዱኛል። ይቅርታ አድርግልኝ።"

አባቴ አንድ እስፒል ሰካ። ሁለተኛ ሰካ። ሦስተኛ ሰካ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ እጅጌ አላየሁም። የቀሩትን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ የእስፒል ትራሷ ላይ ተከላቸውና ተነስቶ የስልጠና ልብሴን ከመደርደሪያው አመጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ፣ ደረቱን እያሳየኝ።

የስም ጨርቄ የነበረበት ቦታ ነው። ዙሪያው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል፤ መካከሉ ግን አዲስ አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ላይ ቁርጥራጭ ክር ቀርቷል።

"በምላጭ ነው የቆረጡት፣ መሃይሞች" አለ። "እኔ አርባ ዓመት ክር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈቃድ የሚሄድን ልጅ ስሙን ቦጭቆ የሚልክ ጦር የት አለ? ያወቅኩት ማክሰኞ ነው።"

"ማክሰኞ?" አልኩ።

"ማክሰኞ?" አለ ጋሼ ፖስታ፣ ከእኔ በላይ ጮኾ። ከወንበሩ ተነሳ። "እኔ በየቀኑ በአስራ አንድ ሰዓት ስነሳ አንተ ታውቅ ነበር?"

አባቴ አልሰማውም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። "አንድ ቀን ካንገላታሁት ይናገራል ብዬ ነበር" አለኝ። "ሮጥክ እንጂ አልተናገርክም። ተናደድኩና ጨመርኩበት። በኋላ ደግሞ..." እጅጌውን ዳበስ አደረገው። "በኋላ ደግሞ አለመናገርህ ደስ አለኝ።"

"ለምን?"

"ከተናገርክ ኮቱ ከመስኮት ይወርዳላ።"

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

"አንተ መኮንን ሁን አትሁን፣ ለእኔ ያው ልጄ ነህ" አለ። "አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ ሳሳጥር ኖርኩ። እንዲህ ያለ ኮት ስፋልኝ ያለኝ ሰው የለም። አንተ ስትገባ፣ በቃ፣ ምክንያት አገኘሁ አልኩ።"

እኔ ለዘጠኝ ቀን የአባቴን ኩርፊያ ስፈራ፣ አባቴ ደግሞ ለካ የእኔን ወሬ ሲፈራ ነበር። ከሳጥኑ ወርጄ አቀፍኩት፤ ሦስቱ እስፒሎች ሁለታችንንም ወጉን።

ቅጹን እዚያው የስፌት መኪናው ላይ ፈረመ። የወጥ ቤቱን ነገር እንደገና ንገረኝ አለኝ፤ ነገርኩት፤ እንደገና አለኝ። በሦስተኛው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጋሼ ፖስታ ግን አልሳቀም። ዳማውን አወጣ፣ ጠጠሮቹን ደረደረ፣ አባቴ ፊት ተቀመጠ፣ ትንፍሽም አላለም። አባቴ ተራው ደርሶበታል።

ኮቱን ራሴ ነኝ መልሼ አሻንጉሊቱ ላይ የሰቀልኩት። ወረቀቷን ግን ቀየርኳት፦ "የአባቴ ሥራ ነው፣ አይሸጥም። ለሚፈልግ በልክ ይሰፋል።"

በማግስቱ ቅጹን ለመመለስ ስሄድ የተቀበለኝ ነጎድጓድ ነው። "የዋሱ ሥራ" የሚለውን መስመር ሲያነብ ቆም አለ። "ልብስ ሰፊ?" ብሎ የራሱን ኮት ሁለተኛ ቁልፍ ያዘ። ስልጠና ላይ ሳለሁ የሠላሳውንም ሰው ቁልፍ የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ የእሱንም ያቺኑ ቁልፍ ጭምር። "ይቺ አንዷ ብቻ ናት ያልወለቀችው" አለ። የሱቃችንን አድራሻ ጻፍኩለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮት ሊያሰፋ መጣ። ሱቃችን ጠበበው። አባቴ ሳጥኑ ላይ አወጣውና እስፒሎቹን አፉ ውስጥ ደረደረ። ጋሼ ፖስታ፣ አሁንም እንዳኮረፈ፣ ከዳማው ቀና አለ። አባቴ የቀኙን ትከሻ ይዞ ጨረሰና ሰውዬውን ማዞር ፈለገ። አፉ ሙሉ ነው። በዓይኑ ወደ እኔ ጠቀሰኝ።

"እባክዎ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ" አልኩ።

ነጎድጓድ ተረከዙን አጋጭቶ ቀጥ ብሎ ዞረ። በእኔ ትእዛዝ ያለ ሳቅ የዞረ የመጀመሪያው ወታደር እሱ ነው። አባቴ እስፒሎቹን በአፉ እንደያዘ ሳቀ፤ ሕጉን ሲጥስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።