ውሃው ሲጎድል

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ስፖንጅና ምስማር ስጡኝ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር አምጡልኝ፣ አላሳፍራችሁም። ለዓሣ ግን ምን በወጣኝ! «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ይባል የለ? እትዬ ግን ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶ ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ ሳሎናችን ያለውን የጨው ውሃ ገንዳዋን በኔ ላይ ጥላው ሄደች።

ገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማ፣ ወገቡን በነጭ መቀነት የታጠቀ። «ሽማግሌው» ትለዋለች። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። መጀመሪያ እኔን አሳደገች፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን። ከሁለታችን ማንን አብልጣ እንደምትወድ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን እፈራዋለኋ።

«ችኩሌ» አለችኝ ልትሄድ ስትል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከውሃው ትንሽ ቀንስና በጨው በተበጠበጠው ተካው። የጠራ መስሎህ እንዳትተወው፣ ዓሣን የሚገድለው ቆሻሻ በዓይን አይታይም። በመሀል ውሃው ሲጎድል ደግሞ ሙላው።»

በምን እንደምሞላው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ምኑ ይጠየቃል? የባሕር ዓሣ ነው፣ በጨው ውሃ ነዋ! ስለዚህ በየማለዳው ወደ ሱቄ ከመሄዴ በፊት የጎደለውን በጨው ውሃ እየሞላሁ እወጣለሁ።

የኦፕራሲዮኗ ቀን ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ቀና ስል ሽማግሌው ድንጋዩ ሥር በጎኑ ተኝቷል። አፉን ይከፍታል ይዘጋል። የጨው መለኪያውን ውሃው ውስጥ ብነክረው መርፌው ከቀዩ መስመር አልፎ ቁጭ አለ።

ባለቤቴ ፀጉሯን እያበጠረች መጣች፣ መለኪያውን አየች፣ ማበጠሪያዋ እጇ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ ጥድፍ ጥድፍ ስትል ጨው የምትረሳ መስሎኝ፣ ከሄድክ በኋላ አንዳንድ እፍኝ እጨምርበት ነበር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ሁለት ሰው አንድ ድስት ላይ ሲቆም ጨው እንዲህ ነው የሚበዛው። ልጮህባት አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራ። እትዬ ናት፣ በቪዲዮ። ነጭ ጋውን አልብሰዋታል፣ ፊቷ አንሷል።

«ሊያስገቡኝ ነው። ሽማግሌውን አሳየኝ።»

«ተኝቷል እትዬ። ኋላ ስትወጪ...»

«አሳየኝ አልኩህ።»

አሳየኋት። እኔ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን አይታ ልቧ ተሰብሮ ብትገባና ባትነቃስ? ሐኪሙ ራሱ «ዋናው ሞራሏ ነው» ብሎኛል። ዓሣው ከሞተ እሷም የምትሞትብኝ መሰለኝ። የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «በምንድን ነው ስትሞላ የነበረው?»

ነገርኳት። የባለቤቴንም እፍኝ አልደበቅኩም።

«አንተ ሰውዬ፣ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ ጨው መቼ ይተናል? ጨው የሚገባው ስትቀይር ነው። ሲጎድል በባዶ ውሃ ነው የሚሞላው። በል ስማኝ። አንድ ጆግ ቅዳና ድፋ፣ አንድ ጆግ የተጣራ ውሃ በቀስታ አንጠባጥብ። ትንሽ ቆይተህ ድገም። ጨውን በአንዴ ብትቀንስበት ድንጋጤው ይገድለዋል። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል። እዚህ ሚስትህ ትምጣ።»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የምመጣው።»

«ጆጉን አንሳ።» ነርሷ ስልኩን ስትወስድባት ይታየኛል። ከዚያ ጣሪያ ብቻ ታየኝ፣ ተቋረጠ።

ባለቤቴ ወደ ሐኪም ቤት በረረች። እኔ ቀረሁ። እቀዳለሁ፣ እደፋለሁ፣ አንጠባጥባለሁ፣ መለኪያውን አያለሁ። ጆጉ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል። ስልኬን አገላብጬ አያለሁ፣ የሚደውል የለም። «አይዞህ ሽማግሌው፣ ዛሬን ብቻ እለፍልኝ፣ ነገ እንደፈለግክ» እለዋለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደ ባለ። መርፌው ከቀዩ መስመር ወረደ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ዓሣው አፉን መክፈቱን አቆመ።

በጣቴ ነካሁት። ውሃው ወደወሰደው ሄደ።

ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እንደገና አንድ ጆግ ቀዳሁ። ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። ባለቤቴ ናት፣ ታለቅሳለች፤ የምን ልቅሶ እንደሆነ ሳይገባኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

«ወጥታለች፣ ነቅታለች፣ ደህና ናት! ስለ ዓሣው ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ደህና ነው በያት» አልኩ።

በማግስቱ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ውሸቴን ስለማመድ ነው የሄድኩት። ልክ እሱን የመሰለ ሌላ ዓሣ ፈልጌ ገዝቼ ማስገባት ሁሉ አስቤያለሁ። ክፍሉ ገብቼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ያዘችኝ። መዳፌ በጨው ተሰነጣጥቋል፤ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«መቼ ሞተ?» አለችኝ።

የተለማመድኩት ውሸት በኖ ጠፋ። «ከሰዓት በኋላ።»

«ስታሳየኝ ነው ያወቅኩት። እንደዚያ በጎኑ የተኛ ዓሣ አይነሳም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጆግ ለምን አስቀዳሽኝ?»

«እዚህ በሩ ላይ ቆመህ እየተንቀጠቀጥክ፣ አንተን ትቼ እንዴት ልተኛላቸው?» ድምጿ ገና አልጠራም። «እጅህ ሥራ ከያዘ ትረጋጋለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ።»

ልቆጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ነፍሴን ስታወጣው ውላ! ግን እንባዬ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ዓሣሽን ገደልኩት» አልኳት።

«አዎ፣ ገድለኸዋል» አለች። እጄን ግን አልለቀቀችውም።