ለእጥፋት የተተወ ሁለት ጣት

ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ፣ የሰፋሁለትን ለብሶ ማውለቅ ያቃተው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ያለውን ሰምታችሁ ሙያዬን እንዳትንቁብኝ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ታወራለች፣ ትከራከራለች፣ የደንበኞቼን አረማመድ እያስመሰለች ሆዴን እስኪያመኝ ታስቀኛለች። ደጅ ስትወጣ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ደፍታ መልሱን በኔ ጆሮ ታንሾካሹካለች፤ እኔ ጮክ ብዬ እናገርላታለሁ። የሰፈር ሰው «ሹክሹክታ» ብሎ ሰይሟታል።

አስተማሪዋ ተስፋ የማይቆርጡ ሴት ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ቴአትር በር ጠባቂዋን ወታደር አደረጓት። የምትናገረው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ልጄ ሁለት ቀን አሰበችና ውሳኔዋን አሳወቀችኝ፦ «ፊቴን ማንም የማያየው ከሆነ እናገራለሁ።»

እንግዲህ ፊት የሚሸፍን የራስ ቁር መፈለግ የኔ ዕዳ ሆነ። በጨርቅ ልስፋልሽ ብላት «አባዬ፣ የጨርቅ ወታደር የት አይተሃል?» አለችኝ። ገበያ ወጥቼ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ የራስ ቁር በካርቶን ገዛሁ። ሻጩ «ይሄንንማ ሕፃን ልጅ ይገጥመዋል» አለኝ። ያንን ሰው ዛሬ ባገኘው ደስታዬ ነው።

ትርዒቱ ሐሙስና ዓርብ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ የሠርግ ልብስ አጣድፎኝ ካርቶኑን የከፈትኩት ሐሙስ ጠዋት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ገና ሳልጀምር ግማሹን ቁራጭ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተንበርክኬ ለቀምኩ። ሃያ ሦስት ቁራጭ፣ አንድ ብልቃጥ ማስቲሽ፣ እና አንድም ቃል ያልተጻፈበት ሥዕል ብቻ የሆነ መመሪያ። ሥዕሉን የሣለው ሰው እንኳን ቁር፣ ሰውም አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ቁራጮቹ ዙሪያቸውን ትርፍ አላቸው፤ የሚቆረጥበት መስመርም ተሰምሯል። ሥዕሉ ላይ መቀሱ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። እንዴት ያለ ጅልነት ነው! ልብስ ሰፊ መስመሩ ላይ አይቆርጥም፤ ትርፍ ይተዋል፤ አለዚያ ስፌቱ በምን ይያዛል? ስለዚህ ከጎንና ከጎን አንድ አንድ ጣት፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ለእጥፋት ሁለት ጣት ተውኩ። ወረቀት የቆረጠበትን ሰው የምጣላበት የጨርቅ መቀሴ በገዛ እጄ ዶለዶመ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ቀጥሎ የሰው ጭንቅላት ተሥሏል፤ ቁሩ ተደፍቶበታል፤ በላዩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። በኛ ሙያ ኤክስ ማለት «ቁልፉ እዚህ ይተከል» ማለት ነው። ጭንቅላት ላይ ሆኖ ይጣበቅ ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁ። ትክክልም መሰለኝ፤ ልብስ ልኩ የሚታየው ገላ ላይ ነው። የሱቄ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ደግሞ አንገቷ ላይ ታልቃለች፣ ራስ የላትም። ያለው ራስ የኔ ብቻ ነበር፤ ደግነቱ ፀጉር የለበትም። ቁራጮቹን ገጣጥሜ ያወጣኋቸውን ሁለት ግማሾች ፊትና ኋላ አድርጌ ደፋሁ፣ በልብስ መቆንጠጫ አያያዝኩ፣ በመስታወት እያየሁ ከላይ እስከ አንገቴ ማስቲሹን አፈሰስኩት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ማስቲሽን ረስተውታል።

ልጄ ለምሳ ስትመጣ ቆሜ ጠበቅኋት። «አባዬ፣ ሲያምር!» ብላ ዘለለች። «አውልቀውና ልሞክረው።»

ወደ ላይ ሳብኩት። አገጬ ላይ ቆመ። ያቺ ለእጥፋት የተውኳት ሁለት ጣት አንገቴን እንደ ሰፊ ኮሌታ ከብባ ይዛኛለች። ሳሙና ሞከርን፣ ዘይት ሞከርን፣ ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ ጎተተች። ጆሮዬ ሊነቀል ደረሰ እንጂ ቁሩ ፍንክች አላለም።

ጎረቤታችን አናጢው ጩኸቴን ሰምቶ መጋዙን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ «ወይ ቁሩን ወይ ራስህን ነው የምቆርጠው፤ ምረጥ» አለኝ።

ልጄ በጣቷ ጫፍ ቆማ ወደ ጆሮዬ አንሾካሾከች። በፕላስቲኩ ውስጥ ምኑ ይሰማል!

«ምን አልሽ?»

«ከተቆረጠ አልሄድም በለው!» አለች፣ ጮክ ብላ። ወዲያው በራሷ ድምፅ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተናድጄ ነበር፤ በሻጩም፣ በሠዓሊውም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ልጄ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ልትናገር ቃል ገባች፤ መናገሪያዋን ደግሞ እኔ ራሴ ላይ አጣብቄባታለሁ። «ነይ፣ እዚያ ስንደርስ አንድ መላ አይጠፋም» አልኳት። መላ እንደሌለኝ እሷም ታውቅ ነበር።

የዐይኑ ቀዳዳ በትርፌ ምክንያት ጠቧል፤ አንገቴን ካልቆለመምኩ የማየው የጫማዬን ጫፍ ብቻ ነው። እጄን ይዛ መራችኝ። «ድንጋይ አለ፣ አባዬ። አሁን ደረጃ። አሁን መኪና፣ ቁም!» መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ አንዱ «ወታደሩን ማን ማረከው?» አለ። መልስ መስጠት አምሮኝ ነበር፤ የሚወጣው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዱላውን አነሣ። «ቁም! ማነህ አንተ? አውልቀው!»

እኔ ጉርምርም አልኩ። ዘበኛው ዱላውን ከፍ አደረገ። ያኔ ከጎኔ አንድ ድምፅ ተነሣ፦

«አይምቱት! አባቴ ነው! ልብስ ሰፊ ነው፣ ማስቲሽ ይዞት ነው!»

ዘበኛው ዱላውን አወረደ። እኔም ወዲያና ወዲህ ዞርኩ፤ ማን እንደተናገረ ሳይገባኝ።

አዳራሹ ሞልቶ የቀረው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነበር። ስቀመጥ ከኋላዬ የሳቅ ማዕበል ተነሣ፤ ሰው አንገቱን አስግጎ ያየኛል። እኔ ግን የማስበው ስለ ልጄ ነው። አስተማሪዋ ወደ መድረኩ ጀርባ ወስደዋታል፤ ያለ ቁር፣ ፊቷን ገልጣ ልትወጣ ነው። መጋረጃው ሲከፈት አንገቴን ወደ ኋላ ቆልምሜ በቀዳዳዋ ፈለግኋት። በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ትንሽ ፊቷ ተገልጧል። አታድርጊው፣ ተመልሰሽ ግቢ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልላት ፈለግሁ።

«ቁም!» አለች። «የዚህ በር ቁልፍ በእጄ ነው፤ ማን እንደሆንክ ሳትናገር አታልፍም!»

እስከ ኋለኛው ወንበር ድረስ ተሰማ። ቁሩ ውስጥ አለቀስኩ፤ እንባዬን የምጠርግበት መንገድ አልነበረኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ «እንዴት ቻልሽ?» አልኳት፣ ሦስት ጊዜ፣ እስክትሰማኝ።

«ማን አየኝና? ሰው ሁሉ አንተን ነበር የሚያየው።»

አናጢው ደጃፌ ላይ መጋዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይጠብቀናል። በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፣ ቁሩን በእርሳስ አሰመረ፣ መጋዙን አነሣ። ልጄ እጄን ያዘች።

«አባዬ... ነገም አለ እኮ።»

አገጬ ተልጧል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ እራቴን በምን እንደምበላ አላውቅም። አንድ ሌሊት እንዲህ ልተኛ! ምርር ብሎኝ «ነገ ከቴአትሩ በኋላ ና» አልኩት አናጢውን።

አልሰማኝም። «ምን አልክ?» አለ።

ልጄ ቀና ብላ ዐይኑን አየችው፤ ጮክ ብላም ነገረችው፦

«ነገ ከቴአትሩ በኋላ ና ነው የሚልህ፣ ጋሼ!»